ኳሷን መጠለዝ ወይስ ማስቀመጥ? በፒክልቦል ለስላሳ ምትን እንዴት እናሻሽል



በተለይ በአሜሪካ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ፒክልቦል የሚባለውን ጨዋታ በየመናፈሻውና በየስፖርት አዳራሹ ሳታዩት አትቀሩም። እኛም እዚህ ሲያትል አካባቢ ከጀመዓችን ወንድሞች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐሱር ሶላት በኋላ እየተሰባሰብን መጫወት ከጀመርን ቆየት ብለናል።

መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ጠንክሮ መምታት። ይዘን የመጣነው የእግር ኳስና የመረብ ኳስ ልምድ ነበርና ኳሷ ከፍ ብትልም ዝቅ ብትል፣ ብትቀርብም ብትርቅ መልሳችን ያው መጠለዝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከመረቡ አጠገብ በቅርብ ርቀት የተጠለዘች ኳስ የአንድ ታላቅ ወንድማችንን መነጽር ሰበረች። አልሐምዱሊላህ ዓይናቸው አልተጎዳም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ቀሩ። አብሯቸው ይመጣ የነበረው የ14 ዓመት ልጃቸውም ቀረ። ስንደውልላቸው «ይሄ የወጣቶች ነገር ነው፤ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አሉን።

ነገሩ ከነከነን። ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ አባት ከልጁ ጋር የሚያሳልፋት አንዲት ሰዓት ቀላል ነገር አይደለችም። ያችን ሰዓት ያሳጣናቸው ደግሞ የእኛው አመታት ነበር።

በዚያው ሰሞን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከሚጫወቱ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሁለት አሜሪካዊ ጥንዶች ጋር ተጋጠምን። 11 ለ 2 አሸነፉን። አልሮጡም፤ አልጠለዙም። ኳሷን ከመረቡ በላይ ዝቅ አድርገው እግራችን ሥር ያስቀምጧታል፤ እኛ ደግሞ ከመሬት እያነሳን መረቡ ላይ እንሰካታለን፤ አለዚያም ወደ ውጪ እንልካታለን። ያን ቀን ገባን። ይህ ጨዋታ ለአዛውንቱም ለወጣቱም እኩል የሚሆነው ለስላሳ ምት ሲኖር ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ እሱ የተማርነውን እናካፍላችኋለን።

ጨዋታው በአጭሩ

ለማያውቁት እንግለጽ። ፒክልቦል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ክረምት ከሲያትል ባሕር ተሻግሮ በሚገኘው የቤይንብሪጅ ደሴት ነው። ጆኤል ፕሪቻርድ የተባሉ የዋሽንግተን ግዛት የምክር ቤት አባልና ወዳጃቸው ቢል ቤል ሥራ ፈተው ለተሰላቹ ቤተሰቦቻቸው ጨዋታ ሲፈልጉ አሮጌ የባድሜንተን ሜዳ አገኙ፤ የተሟላ ዕቃ ግን አልነበረም። ስለዚህ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ ይዘው ጀመሩ። ባርኒ መካለም የተባሉ ሌላ ወዳጃቸው ተጨመሩና ሕጎቹ እየተስተካከሉ ሄዱ። ዛሬ ፒክልቦል የዋሽንግተን ግዛት ኦፊሴላዊ ስፖርት ነው፤ ይህ በሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ሜዳው ትንሽ ነው። ርዝመቱ 44 ጫማ (13.4 ሜትር)፣ ስፋቱ 20 ጫማ (6.1 ሜትር) ነው። መረቡ ከዳርና ዳር 36 ኢንች (91 ሴንቲ ሜትር)፣ መሐሉ ላይ ደግሞ 34 ኢንች (86 ሴንቲ ሜትር) ከፍታ አለው። መምቻው ፓድል ይባላል፤ እንደ ቴኒስ ራኬት ገመድ የለውም፤ ጠፍጣፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ለሁለት ይጫወታሉ። ቀድሞ 11 ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል፤ ልዩነቱ ግን ቢያንስ 2 መሆን አለበት።

ለስላሳ ምትን ለመረዳት ሁለት ሕጎችን ማወቅ ግድ ይላል።

የመጀመሪያው ከመረቡ ግራና ቀኝ 7 ጫማ (2.13 ሜትር) ድረስ ያለው ቦታ ነው። አሜሪካኖቹ «ኪችን» ይሉታል፤ ማድቤት ማለታቸው ነው። እዚያ ውስጥ ቆሞ፣ መስመሩንም ረግጦ ቢሆን፣ ኳሷን ሳትነጥር በአየር ላይ መምታት አይፈቀድም። በአየር ላይ ከመታን በኋላ በግስጋሴያችን ተስበን ብንገባም ጥፋት ነው። ኳሷ ማድቤቱ ውስጥ መሬት ከነካች ግን ገብቶ መምታት ይቻላል።

ሁለተኛው የሁለት ነጠራ ሕግ ነው። የመጀመሪያዋ ምት (ሰርቩ) በተቀባዩ በኩል መንጠር አለባት፤ መልሷም እንዲሁ በሰርቭ መቺው በኩል መንጠር አለባት። በአየር ላይ መምታት የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጥቀስ። በወዳጅነት ጨዋታ ዳኛ የለም። እግራችን የማድቤቱን መስመር መርገጡን ብዙውን ጊዜ የምናውቀው እኛና አላህ ብቻ ነን። በራሳችን በኩል የወደቀች ኳስ ውጪ ወይም ውስጥ መሆኗን የምንናገረውም እኛው ነን፤ ከተጠራጠርን ደግሞ ሕጉ ራሱ ለተጋጣሚያችን እንድንፈርድ ያዛል። ለሙስሊም ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አማና ነው።

ለስላሳ ምት ለምን ያሸንፋል?

ለስላሳ ምት ማለት ኳሷን ቀስ አድርጎ፣ ከመረቡ ብዙም ሳይርቅ አሻግሮ፣ በተጋጣሚው ማድቤት ውስጥ ማሳረፍ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማድቤቱ ውስጥ የምታርፍን ኳስ ተጋጣሚያችን ማድቤቱ ውስጥ ገብቶ በአየር ላይ ሊመታት አይችልም፤ ገብቶ ለመምታት እስክትነጥር መጠበቅ አለበት። የምትነጥረውም ከመረቡ በታች ነውና ወደ ላይ ማንሳት ግድ ይሆንበታል። ወደ ላይ የሚነሳን ኳስ ጠልዞ ሜዳ ውስጥ ማስቀረት ከባድ ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ጉልበቱን መጠቀም አይችልም።

ወገባችን ላይ ከፍ ብላ የምትደርስ ኳስ የላክንለት እንደሆነ ግን ሽልማት ሰጠነው ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ብዙ ነጥብ የሚገኘው በተጋጣሚ ጥሩ ምት ሳይሆን በራሳችን ስህተት ነው። ቀድሞ ትዕግሥቱ ያለቀ ይሸነፋል።

እጅ፣ እግርና ዓይን፦ መሠረታዊ አሠራሩ

1. እጃችን ይላላ። ቀዳሚው ጉዳይ ይህ ነው። በመምህርነት ሳለን እንዳየነው፣ ፊደል መጻፍ የሚጀምር ሕፃን እርሳሱን አንቆ ይይዛል። ጣቶቹ እስኪነጡ ይጫናል፤ ፊደሉ ግን ይጣመማል። እጁ ሲላላ ፊደሉ ይስተካከላል። ፓድልም እንደዚያው ነው። አንቆ መያዝን 10 ብንለው፣ ለለስላሳ ምት የሚያስፈልገው 3 ወይም 4 ነው፤ ከእጅ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ።

ምክንያቱን ለማየት ኳስ ወደ ግድግዳና ወደ መጋረጃ ወርውሩ። ከግድግዳው ተመልሳ ትመጣለች፤ መጋረጃው ላይ ግን ኃይሏ አልቆ እዚያው ትወድቃለች። አጥብቀን የያዝነው ፓድል ግድግዳ ነው፤ አላልተን የያዝነው መጋረጃ ነው። አያያዙም መዶሻ እንደምንይዝ ቢሆን ይመረጣል፤ እንዲህ ከያዝነው በመዳፋችን በኩልም በእጃችን ጀርባ በኩልም ሳንቀያይር መምታት እንችላለን።

2. ጉልበታችን ይታጠፍ። በዚህ ጨዋታ ጉልበት የሚያስፈልገው ለመጠለዝ ሳይሆን ለማጠፍ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ዝቅ ያለችን ኳስ ለመድረስ ከወገቡ ይጎነበሳል ወይም ፓድሉን ወደ መሬት ያንጠለጥላል። ሁለቱም ኳሷን ወደ ላይ ያፈናጥሯታል። እግራችንን ከትከሻችን ትንሽ ሰፋ አድርገን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ክብደታችንን ከተረከዝ ወደ እግራችን ፊት እናምጣ። ጉልበቱን የሚያመው ወንድም ብዙ ማጠፍ አይጠበቅበትም፤ እግሩን ሰፋ ማድረጉ ብቻ ዝቅ ያደርገዋል።

3. የእጅ አንጓ ይረፍ፤ ትከሻ ይሥራ። ጀማሪዎች ኳሷን በእጃቸው አንጓ «ጠብ» ያደርጓታል። አንጓ ፈጣን ነው፤ ግን አይታመንም፤ አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ ያደርጋል። በለስላሳ ምት ላይ ክንዳችን ከትከሻው እንደ ሰዓት ፔንዱለም ቀስ ብሎ ይወዛወዝ፤ አንጓው ግን ባለበት ይቆይ። ቡና የምትቀዳን እናት አስቡ። ጀበናውን አትወረውረውም፤ አንጓዋንም አታርገበግበውም። ክንዷን ቀስ አድርጋ ታዘነብላለች፤ ቡናው በቀጭኑ ሳይቋረጥ ስኒው ውስጥ ይገባል። የምንፈልገው እንቅስቃሴ የዚያ ዓይነት ነው።

4. ኳሷን ከፊታችን እንምታት። ፓድሉን ወደ ኋላ ብዙ መሳብ አያስፈልግም። የፊት ለፊት ምት ላይ ፓድሉ ከሰውነታችን ኋላ ከሄደ ብዙ ሳብነው ማለት ነው። ፓድሉ ሁልጊዜ ከደረታችን ፊት ይጠብቅ፤ ክርናችንም ከጎናችን ጋር አይጣበቅ። ኳሷን አጠገባችን እስክትደርስ ከጠበቅናት ዘግይተናል፤ የዘገየ ምት ደግሞ ያፈናጥራል።

5. ፊቱ በትንሹ ወደ ሰማይ ይይ። የፓድሉ ፊት ትንሽ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ኳሷን ከሥሯ በመጠኑ ያንሳት። «መምታት» የሚለውን ቃል ረስተን «ማንሳት» ብለን ብናስብ እጃችን ራሱ ይታዘዛል።

6. ዓይናችን ከኳሷ ላይ አይነሳ። ብዙዎቻችን ኳሷን ከመምታታችን በፊት ወዴት እንደምትሄድ ለማየት ቀና እንላለን። ጭንቅላት ሲነሳ ትከሻ ይነሳል፤ ትከሻ ሲነሳ ፓድሉ ይነሳል። ኳሷ ፓድሉን እስክትነካ እንያት።

ሦስቱ ለስላሳ ምቶች

ዲንክ። ከማድቤቱ መስመር ጀርባ ቆመን ወደ ተጋጣሚያችን ማድቤት የምናሻግራት አጭር ምት ናት። ስንጀምር በሰያፍ እንምታ። በሰያፍ ሲሆን ርቀቱ ስለሚረዝም ለስህተት ቦታ ይሰጠናል፤ ኳሷም የምትሻገረው መረቡ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ በሚልበት በመሐሉ በኩል ነው። ዒላማችን የተጋጣሚያችን እግር ወይም የእጁ ጀርባ ያለበት ጎን ይሁን። ኳሷ ወደ ጎን ስትወስደን እግር እያቋረጥን ሳይሆን ጎን ለጎን እየተራመድን እንከተላት። ከመስመሩም ብዙ አንራቅ፤ አንድ ስንዝር ያህል ከኋላው መቆም ይበቃል።

ሦስተኛው ምት፣ ድሮፕ። ሰርቭ የመታው ቡድን በሁለት ነጠራው ሕግ ምክንያት ከኋላ መጠበቅ አለበት፤ ተቀባዮቹ ግን ኳሷን መልሰው ወደ ማድቤቱ መስመር ይደርሳሉ። ስለዚህ ሰርቭ መቺዎቹ ሦስተኛዋን ምት ሲመቱ ተጋጣሚዎቻቸው መስመሩ ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። እዚህ ላይ መጠለዝ ብዙውን ጊዜ ኳሷን በእጃቸው ማስረከብ ነው። ድሮፕ ማለት ከሜዳው ጫፍ ኳሷን በቅስት አንስቶ ተጋጣሚዎች ማድቤት ውስጥ መጣል ነው። እሷ እስክትወድቅና እስክትመለስ ባለው ጊዜ ወደ ፊት እንራመዳለን።

ሚስጥሩ ቅስቱ ላይ ነው። ኳሷ ከፍ የምትልበት ጫፍ በእኛ በኩል፣ ከመረቡ በፊት መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ መረቡን የምትሻገረው እየወረደች ነው። ጫፉ ከመረቡ ወዲያ ከሆነ ግን ተጋጣሚያችን ደረት ላይ ትደርሳለች። ድሮፕ መትተንም ዓይናችንን ጨፍነን አንሩጥ። የላክናት ኳስ ዝቅ ካለች እንራመድ፤ ከፍ ካለች ባለንበት ቆመን እንጠብቅ። ተጋጣሚያችን ሊመታ ሲል ደግሞ የትም ብንሆን ሁለት እግራችንን ተክለን እንቁም። እየሮጠ ለስላሳ መምታት የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ሪሴት። ይህች ከሦስቱ ትከብዳለች። በሜዳው መሐል ሳለን የተጠለዘች ኳስ ስትመጣብን በጠለዛ ከመመለስ ይልቅ ኃይሏን ውጠን ማድቤት ውስጥ ማሳረፍ ነው። እዚህ ላይ ፓድሉን ወደ ኋላ መሳብ ጨርሶ አያስፈልግም። እጃችንን ከወትሮው ይበልጥ አላልተን፣ ዝቅ ብለን፣ ፓድሉን በኳሷ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። የሚመጣው ኃይል በቂ ነው፤ የእኛ ሥራ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። አንድ ሰው እንቁላል ቢወረውርልን እጃችንን እንዴት እናደርጋለን? ወደ ኋላ እየሰጠን እንቀበለዋለን እንጂ አንጋፈጠውም።

መቼ እናለስልስ? መቼስ እንምታ?

ለስላሳ ምት ማለት ፈጽሞ አለመጠለዝ ማለት አይደለም። ቦታውን ማወቅ ነው። ለዚህ የመንገድ መብራት ጥሩ ማስታወሻ ይሆነናል።

ኳሷ ከጉልበታችን በታች ከሆነች መብራቱ ቀይ ነው። ያለ ምንም ማቅማማት እናለስልሳት።

በጉልበታችንና በመረቡ ከፍታ መካከል ከሆነች ቢጫ ነው። ሚዛናችን ተስተካክሎ፣ ኳሷ ከፊታችን ካለች ልንሞክር እንችላለን፤ ካልሆነ እናለስልስ።

ከመረቡ ከፍታ በላይ ከሆነች አረንጓዴ ነው። እንምታት፤ ነገር ግን ወደ እግር ወይም ባዶ ቦታ እንጂ ወደ ፊት አይሁን። ከሁለት እርምጃ ርቀት ወደ ሰው ፊት መጠለዝ ነጥብ ሊያስገኝ ይችል ይሆናል፤ ወንድምን ግን ያሳጣል። በዚህ አጋጣሚ ለስፖርት የተሠራ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግን አጥብቀን እንመክራለን።

እዚህ ጋ ዋናው ፈተና የእጅ ሳይሆን የነፍስ ነው። አሥር ዲንክ ከተመላለስን በኋላ ውስጣችን «በቃ፣ ጨርሰው!» ይለናል። ያች አሥራ አንደኛዋ ኳስ እንደ ፊተኞቹ ዝቅ ያለች ናት፤ የተለወጠው የእኛ ትዕግሥት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሪፍቅን፣ ማለትም ገርነትንና ልስላሴን፣ በነገራችን ሁሉ እንድንይዝ ማስተማራቸውን፣ የጥንካሬንም ትርጉም ከትግል ይልቅ በቁጣ ጊዜ ራስን ከመግዛት ጋር ማያያዛቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሐዲሶቹን የምናውቃቸው ከመስጂድ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሰውነታችን ራሱ ይፈተንባቸዋል። ጨዋታን ከዲን ጋር እናስተካክል ማለታችን አይደለም። ዲናችን ያስተማረን አደብ በመዝናኛችንም ይታይ ማለታችን ነው።

የተለመዱ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

*ኳሷ ከፍ እያለች የምታስቸግር ከሆነ፦* መጀመሪያ አያያዛችንን እንፈትሽ፤ ብዙውን ጊዜ አንቀን ይዘናል። ቀጥሎ ጉልበታችንን፣ ከዚያም አንጓችንን እንይ።

*መረቡ ላይ እየቀረች ከሆነ፦* ከመረቡ በላይ ሁለት ስንዝር ያህል አሻግረን እናስብ። ጀማሪ መረቡን ሊልስ ሲሞክር መረቡ ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ከፍ ብላ የተሻገረች ኳስ ከመረብ ውስጥ ከቀረች ኳስ ትሻላለች፤ ቢያንስ ተጋጣሚያችን እንዲሠራ ታደርገዋለች።

*ኳሷ ከማድቤቱ አልፋ ረጅም ከሆነች፦* ክንዳችን ወደ ፊት እየገፋ ነው። እንቅስቃሴውን ከመግፋት ወደ ማንሳት እንቀይር፤ ፓድሉን ከኋላ መሳቡንም እንቀንስ።

*አንዱ ቀን ጥሩ፣ ሌላው ቀን መጥፎ ከሆነ፦* ኳሷን እንይ። ለአዳራሽ የሚሠሩት ኳሶች በአብዛኛው 26 ትላልቅ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ለሜዳ የሚሠሩት ደግሞ 40 ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሏቸውና ጠንከር፣ ፈጠን ያሉ ናቸው። በአንዷ የለመደ እጅ በሌላዋ ለመስተካከል ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሳንሟሟቅ ጨዋታ አንጀምር።

የልምምድ መርሐ ግብር

ለስላሳ ምት በጨዋታ ብቻ አይሻሻልም። በጨዋታ መሐል ለማሸነፍ ስለምንጓጓ ወደ ለመድነው እንመለሳለን። ለብቻው 20 ደቂቃ ይሰጠው። እኛ የምንለማመደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ግድግዳ፦ አጋር ለሌለው። ግድግዳ ላይ በ86 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ፕላስተር እንለጥፍ። ሁለት ሜትር ያህል ርቀን ከፕላስተሩ ትንሽ ከፍ አድርገን በቀስታ እንምታ፤ አንድ ጊዜ ትንጠርና እንመልሳት። መሬት ቤት ለሚኖር ሰው ጋራዥም ይበቃል፤ ፎቅ ላይ ያለ ግን ጎረቤቱን ያስብ።

መቀበል፦ አጋራችን ኳሷን በእጁ ይወርውርልን። እኛ ሳንመልሳት ፓድላችን ላይ አብርደን እግራችን ሥር እንጣላት። ሪሴት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቆጠራ፦ ሁለት ሆነን ከማድቤት መስመር እስከ ማድቤት መስመር በሰያፍ ዲንክ እንመላለስና ጮክ ብለን እንቁጠር። መጀመሪያ 10፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 50። እዚህ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች አንድ ቡድን ናቸው፤ ዓላማው ኳሷ እንዳትሞት ነው።

ደረጃ በደረጃ መራቅ፦ ከማድቤቱ መስመር እንጀምርና በተከታታይ 5 ጥሩ ድሮፕ በመታን ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንሂድ። ሁለቴ ከሳትን አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንመለስ። የሜዳው ጫፍ ለመድረስ ሳምንታት ቢወስድ ምንም አይደለም።

የማድቤት ጨዋታ፦ እስከ 11 ነጥብ፤ ኳሷ ማድቤት ውስጥ ካላረፈች ነጥቡ ለሌላው ነው። በዚህ ጨዋታ ጉልበተኛ ምንም አያተርፍም። የ10 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር፣ ሽማግሌው ከጎረምሳው ጋር እኩል ይሆናሉ።

ለእህቶችም ብዙ አዳራሾች ለብቻ የሚከራዩ ሰዓቶች አሏቸውና ተሰባስባችሁ ብትጠይቁ መልካም ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸውና አንዴ እሳቸው፣ አንዴም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መቅደማቸው በሐዲስ ተዘግቧል። በባልና ሚስት መካከል ጨዋታ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለት ነገር ግን አንርሳ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ነጥቡ 10 ለ 10 ቢሆንም ፓድሉ ይቀመጥ። «የተሸነፈ ይከፍላል» እየተባለም ገንዘብ አይያዝ፤ በቀልድ የተጀመረው ቁማር ይሆናል። ሻዩን ሁላችንም በየተራ እንጋብዝ።

ማጠቃለያ

መነጽራቸው የተሰበረባቸውን ወንድማችንን ቤታቸው ድረስ ሄደን ዐፍው ጠየቅናቸው። «ተመለሱ፤ አሁን እኛም እየተማርን ነው» አልናቸው። ሲመለሱ መጀመሪያ ያጫወትናቸው የማድቤቱን ጨዋታ ነበር። እጃቸው ለካ ከሁላችንም የተረጋጋ ነው። እኛ በጉልበት የምናባክነውን እሳቸው በትዕግሥት ይሰበስቡታል።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር በሰያፍ ቆመው ዲንክ ሲቆጥሩ አየን። ልጁ በእንግሊዝኛ፣ አባት በአማርኛ እኩል ይቆጥራሉ። 43 ላይ ኳሷ መረቡን ነክታ ወደቀች። ልጁ ኳሷን አንሥቶ «አባ፣ እንደገና» አለ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ጨዋታችንን የመተሳሰቢያ፣ ጀመዓችንንም የፍቅር ያድርግልን። ኣሚን።